የሙድል «ወርክሾፕ» በድርሰት ክፍል፦ በኮምፒውተርም በወረቀትም

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአማርኛ የጽሑፍ ክህሎት አስተምራለሁ። አንዱ ሴክሽን ስልሳ ገደማ ተማሪ ይይዛል፤ የማስተምረው ደግሞ ከአንድ ሴክሽን በላይ ነው። ድርሰት ያረመ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። አንድ አንቀጽ ባጻፍኩ ቁጥር እቅፍ ሙሉ ወረቀት ይዤ ቤት እገባለሁ። አርሜ ስመልስ የተማሪው ዐይን የሚያርፈው ከላይ ባለው ቁጥር ላይ ነው፤ ከጎን በቀይ የጻፍኩለትን ሳያነብ ወረቀቱን አጥፎ ደብተሩ ውስጥ ይሸጉጠዋል። በሚቀጥለው ጽሑፍ ያው ስሕተት ተመልሶ ይመጣል።

ዛሬ የምገመግመው መሣሪያ ከዚህ አዙሪት ያወጣኝ ነው፤ ሙድል ውስጥ የሚገኘው «ወርክሾፕ»። በኮምፒውተር ላብም ተጠቅሜበታለሁ፤ አሠራሩን ወስጄ ኮምፒውተር በሌለበት ክፍል በጠመኔና በወረቀትም አስኬጄዋለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ የዚህ መሣሪያ ትልቁ ሀብት ሥራውን የሚያስኬድበት ቅደም ተከተል ነው። ያንን ቅደም ተከተል ማንኛውም የድርሰት መምህር ያለ ኢንተርኔትም ክፍሉ ሊያስገባው ይችላል። ሶፍትዌሩ ራሱ ጥሩ ነው፤ የሚያስቸግሩ ጎኖችም አሉት፤ እደርስባቸዋለሁ።

ሙድልን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ማርቲን ዱጂያማስ የተባለ አውስትራሊያዊ የጀመረው፣ የመጀመሪያው ቅጂ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ማንም በነፃ ወስዶ ሰርቨሩ ላይ ሊጭነው የሚችል የኦንላይን ትምህርት መድረክ ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም ይሠራበታል። አብዛኞቻችን ግን የሀንዳውት ማስቀመጫና የአሳይመንት መቀበያ አድርገነው ቀርተናል። ወርክሾፕ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ተማሪዎች ጽሑፋቸውን ያስገባሉ፤ መሣሪያው ጽሑፎቹን ለሌሎች ተማሪዎች ያድላል፤ እነሱም መምህሩ ባወጣው መመዘኛ ይመዝናሉ። በመጨረሻ እያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ውጤት ያገኛል፤ አንዱ ለጻፈው፣ ሌላው የሰው ጽሑፍ ለመዘነበት። መሣሪያው ሳይነካ ከተተወ ለጽሑፉ 80፣ ለምዘናው 20 ይሰጣል። ለሌላ ሰው ጽሑፍ በጥንቃቄ መፍረድ ነጥብ የሚያስገኝ ሥራ ሆኖ መቆጠሩ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ተማሪ ተማሪን እንዲመዝን ማድረግ በኦንላይን ኮርሶች ዓለም የገነነው በግድ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ኮርሴራ በተባለው የኦንላይን ኮርሶች መድረክ ላይ የእንግሊዝኛ ድርሰት ኮርስ በነፃ ሲከፍት የተመዘገበው ሰው ከ80 ሺህ በላይ ነበር። ያን ሁሉ ጽሑፍ ሊያነብ የሚችል የመምህራን ሠራዊት የለም። ስለዚህ ተማሪዎቹ ረቂቅ ይጽፋሉ፣ የሌሎችን ረቂቅ አንብበው አስተያየት ይሰጣሉ፣ ከዚያ የራሳቸውን አሻሽለው ይጽፋሉ። የእኔ ሴክሽን ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ነገር ግን አንድ መምህር ለስልሳ ሰው በየሳምንቱ ጠቃሚ አስተያየት መጻፍ እንደማይችል የተረዳ ሰው የዱኩ ኮርስ የገጠመውን ችግር በትንሹ ያውቀዋል። እነሱ በቁጥር ብዛት ተገደው የደረሱበት ዘዴ ለእኛም የተጨናነቀ ክፍል ይሠራል።

ወርክሾፕ አምስት ምዕራፎች አሉት፦ ዝግጅት፣ ጽሑፍ ማስገባት፣ መመዘን፣ የምዘናዎቹ ምዘና፣ መዝጊያ። በዝግጅት ጊዜ መምህሩ ጥያቄውንና መመዘኛውን ይጽፋል። መመዘኛውን በአራት መንገድ ማውጣት ይቻላል፤ በየነጥቡ ቁጥርና አስተያየት፣ ያለ ቁጥር አስተያየት ብቻ፣ «አለ ወይስ የለም» የሚል የስሕተት ቆጠራ፣ ወይም ደረጃ በደረጃ የተገለጸ ሠንጠረዥ። እኔ የምጠቀመው በሠንጠረዡ ነው። ለአንድ አንቀጽ አራት ረድፍ ይበቃኛል፤ ኃይለ ቃሉ (የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የያዘው ዓረፍተ ነገር)፣ የመዘርዝር ዓረፍተ ነገሮቹ አንድነት፣ አያያዥ ቃላቱ፣ ሥርዓተ ነጥቡና ፊደሉ። ደረጃዎቹን ተማሪው በሚገባው ቋንቋ እጽፋቸዋለሁ። «አንድነቱ የተጠበቀ ነው» ከማለት ይልቅ «ከኃይለ ቃሉ ጋር የማይገናኝ ዓረፍተ ነገር የለም»፣ «አንድ አለ»፣ «ሁለትና ከዚያ በላይ አሉ» እላለሁ። ለጀማሪ መዛኝ ከመቁጠር መጀመር ይቀለዋል። መመዘኛው ደግሞ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት በእጁ ነው፤ ምን እንደሚጠበቅበት እያወቀ ይጽፋል።

በዚህ መሣሪያ ውስጥ ከሁሉ የወደድኩት «የምሳሌ ጽሑፍ» የሚባለውን ነው። መምህሩ አንድ ናሙና ያስገባና ራሱ አስቀድሞ ይመዝነዋል። ተማሪው የባልንጀራውን ጽሑፍ ከመንካቱ በፊት ይህን ናሙና ይመዝናል፤ ከጨረሰ በኋላ የራሱን ፍርድ ከመምህሩ ጋር አስተያይቶ ያያል። ልምምዱን በውዴታ፣ ወይም ተማሪው የራሱን ከማስገባቱ በፊት፣ ወይም አስገብቶ የሌላውን ከመመዘኑ በፊት በግዴታ ማድረግ ይቻላል። እኔ በግዴታ ነው የማደርገው፤ የራሱን ከማስገባቱ በፊት።

እኔው ሆን ብዬ ካዘጋጀኋቸው ናሙናዎች አንዱ ይህ ነው፦

«የቅዳሜ ገበያ ለአካባቢያችን ሰው ከመሸመቻነቱ ይልቅ መገናኛነቱ ይበልጣል። ሩቅ ቀበሌ የተዳረች ሴት እናቷን የምታገኘው እዚያ ነው። የታመመ ዘመድ ወሬ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የዕርቅ ቀጠሮ የሚተላለፈውም እዚያው ነው። ቡና ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው በአገራችን በኢትዮጵያ እንደሆነ ይታወቃል። ስለዚህ ገበያው ሲበተን ሰው የሸመተውን ብቻ ሳይሆን የሳምንት ወሬውንም ይዞ ይገባል።»

አራተኛው ዓረፍተ ነገር ሰዋስዉ ንጹሕ ነው፤ የፊደል ግድፈት የለበትም፤ ሁላችንም የምንኮራበት ጉዳይ ነው። በዚህ ምክንያት አብዛኛው ተማሪ በአንድነት ረድፍ ላይ ሙሉ ነጥብ ይሰጣል። የእኔን ምዘና ከፍቶ ሲያይ በዚያው ረድፍ ላይ ዝቅ ያለ ነጥብ ያገኛል፤ ክርክሩም ከዚያ ይነሣል። «መምህር፣ ገበያ ላይ ቡና ይሸጣል እኮ!» ያለኝ ተማሪ ነበር። እኔ ሳልመልስ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «ኃይለ ቃሉ እኮ ስለሚሸጠው አይደለም፤ ስለሚገናኘው ሰው ነው» አለችው። ሌላው ቀጠለና «ስለዚህ» የምትለው አያያዥ አሁን የምትያያዘው ከቡናው ጋር ነው፣ ቡና እዚህ ስለተገኘ ወሬ ይዞ ይገባል እንደ ማለት ሆነ አለ። እኔ ስለ አንቀጽ አንድነት ሰሌዳ ላይ ትርጓሜ እየጻፍኩ በማስተማርበት ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ከተማሪ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ተማሪው ትርጓሜውን ሸምድዶ ይመልስልኝ ነበር፤ ጽሑፉ ውስጥ ግን «እንደሚታወቀው» በሚል ቃል የሚጀምር፣ ከየትም የመጣ ዓረፍተ ነገር አይጠፋም ነበር። ከናሙናው በኋላ በሚጻፉት አንቀጾች ላይ እንዲህ ዓይነቱ ዓረፍተ ነገር ሲቀንስ በዐይኔ አይቻለሁ።

ይህን ክፍል ወደ ተራ ክፍል ማምጣት ምንም አይከብድም። ናሙናውን ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ ወይም ኮፒ ቤት አባዝቼ አድላለሁ። እያንዳንዱ ሰው ነጥቡን በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ የሌላውን አይቶ እንዳይለውጥ ሁሉም ጽፎ እስኪጨርስ አንድም ሰው አይናገርም። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ስንት ሰው ምን ያህል እንደሰጠ አሰፍራለሁ። ለአንዱ አንቀጽ አንዱ 9፣ ሌላው 4 ሰጥቶት ሲታይ ማብራራት የሚጀምሩት ራሳቸው ናቸው። እንዲያውም ይህ ክፍል በአካል ሲሠራ ከኮምፒውተሩ ይበልጣል ባይ ነኝ። ስክሪን ላይ ተማሪው ከመምህሩ መለየቱን ብቻ ነው የሚያየው፤ ክፍል ውስጥ ለምን እንደተለየ ይከራከራል።

መመዘኑ ሲጀመር የሚመጣው ፈተና ይሉኝታ ነው። ልጆቻችን በሰው ሥራ ላይ ክፉ ላለመናገር የተገሩ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ አስተያየቶች «ጥሩ ነው፣ በርታ»፣ «በጣም ቆንጆ አንቀጽ ነው፣ በርቺ» የሚሉ ናቸው። ለጻፈው ሰው ግን ምንም አይፈይዱለትም። ወርክሾፕ ስም ደብቆ ማስመዘን ይችላል፤ ስም ሲደበቅ አስተያየቱ ይለወጣል። ችግሩ፣ ስም መደበቂያው አንድ ቦታ ተጭኖ የሚያልቅ አለመሆኑ ነው፤ የተጠቃሚ ፈቃዶች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ተማሪ የጸሐፊውን ስም እንዳያይ መከልከል ያስፈልጋል። ለጀማሪ መምህር ይህ ከባድ ነው፤ የአይሲቲ ባለሙያ አጠገባችሁ ቢኖር ይመረጣል። በወረቀት ሲሆን በስም ፈንታ ቁጥር አስጽፋለሁ። የእጅ ጽሑፍ ግን ባለቤቱን ያሳብቃል፤ ስለዚህ የአንዱን ሴክሽን ወረቀት ለሌላው ሴክሽን እሰጣለሁ። ማን እንደጻፈው ስለማያውቁ እጃቸው ይፈታል። ከዚህም ሌላ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ አስተያየት ሲጻፍ ከጽሑፉ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር በትእምርተ ጥቅስ መጠቀስ አለበት፤ ቀጥሎ ምን ቢደረግ እንደሚሻል መጻፍ አለበት። «በርታ» ብቻውን ዜሮ ነው።

«እኛ ተማሪዎች ሆነን እንዴት ተማሪ እናርማለን? ይህ የመምህር ሥራ አይደለም ወይ?» የሚል ቅሬታ በየሴሚስተሩ ይነሣል። ቅሬታው ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። «አንድ ለአምስት» እየተባለ በሚደራጁበት ጊዜ አንዱ ጎበዝ ሠርቶ ሌሎቹ ስማቸውን ብቻ ሲያስገቡ ኖረዋል፤ የቡድን ሥራ ሲባል ትዝ የሚላቸው ያ ነው። ወርክሾፕ ግን ከዚያ በጣም ይለያል። እያንዳንዱ ብቻውን ይጽፋል፣ ብቻውን ይመዝናል፣ የብቻውን ነጥብ ያገኛል። ተማሪ ከተማሪ መማሩም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ሲያርመውና ሲያቃናለት የተሰበሰቡት ሁሉ ይሰማሉ፤ ከፍ ያለው ደቀ መዝሙር ደግሞ ዝቅ ያለውን ያስተምራል። ይህን ስነግራቸው የሚያውቁት ልጆች ለሌሎቹ ያስረዱልኛል።

አሁን ወደ ድክመቱ ልሂድ። ትልቁ የነጥብ አሰጣጡ ነው። የተማሪን ምዘና ለመመዘን መሣሪያው በአንድ ጽሑፍ ላይ የተሰጡትን ምዘናዎች ሰብስቦ ለአማካዩ የሚቀርበውን የተሻለው ምዘና አድርጎ ይይዛል፤ የሌሎቹ ነጥብ ከእሱ በራቁ መጠን ይቀንሳል። አብዛኛው በትክክል ሲፈርድ ይህ ያስኬዳል። ነገር ግን ያንን የቡና ዓረፍተ ነገር አስቡት። አራት ተማሪዎች ሙሉ ነጥብ ሰጥተው አምስተኛዋ ብቻ አንድነቱ መጉደሉን ብታይ፣ በመሣሪያው ስሌት ነጥብ የሚቀነስባት እሷው ናት። አስተውላ በማንበቧ መቀጣቷ ነው። መዛኞቹ ሁለት ብቻ ሲሆኑ ደግሞ ስሌቱ ማን እንደተሻለ የሚለይበት መንገድ የለውም። ደግነቱ መምህሩ ውጤቱን በእጁ ማስተካከል ይችላል፤ ራሱ ገብቶ ሲመዝንም ለራሱ ምዘና ከፍ ያለ ክብደት ሊሰጠው ይችላል። የንጽጽሩን ጥብቅነትም ከላላ እስከ ጥብቅ መምረጥ ይቻላል። እኔ ላላ ያለውን መርጬ፣ ፍርዳቸው በጣም የተራራቀባቸውን ጽሑፎች ብቻ ለይቼ ራሴ አነባለሁ። ከስልሳ ጽሑፍ ውስጥ የእኔን ዐይን የሚፈልጉትን እንዲህ ለይቶ ማወቅ መቻሌ ብቻውን ብዙ ሌሊት አትርፎልኛል። በወረቀት ሲሆን ስሌቱን ጨርሶ ትቼዋለሁ። ከ10 ነጥብ 2ቱን ለአስተያየቱ እሰጣለሁ፤ ዓረፍተ ነገር ጠቅሷል ወይ፣ ማሻሻያ ጠቁሟል ወይ ብዬ ብቻ አያለሁ። ከኮምፒውተሩ ይልቅ ይህ ፍትሐዊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ምዕራፎቹን የማሸጋገሩ ሥራም በአብዛኛው የመምህሩ ነው። ማስገቢያው ቀን ሲያልፍ በራሱ ወደ ምዘና እንዲሄድ ማዘዝ ይቻላል፤ የቀሩትን ግን ገብቶ በእጅ መቀየር ያስፈልጋል። መምህሩ ከረሳ ተማሪው ውጤቱን ሳያይ ይቀራል።

ከሶፍትዌሩ ውጭ ያለው ችግር ይበልጥ ይከብዳል። ላብ ውስጥ ሁሉም ተመቻችቶ ምዘና ላይ እያለ መብራት ይጠፋል፤ ኔትወርኩ ይቆማል። በስልክ የሚሠራው ልጅ ዳታ ከኪሱ ይገዛል። የአማርኛ አጻጻፉም ሌላ ነገር ነው። ላብ ያሉት ኮምፒውተሮች ላይ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ስለማይገኝ ብዙዎቹ ስልካቸው ላይ ጽፈው ይገለብጣሉ። ታዲያ በአራት ነጥብ ቦታ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ደጋግመው ይመቱና «::» አድርገው ያስገባሉ፤ ነጠላ ሰረዙም የእንግሊዝኛው ይሆናል። ከዚህ የተነሣ የሥርዓተ ነጥብ ረድፉ የተማሪውን እውቀት ይለካል ወይስ የስልኩን ኪቦርድ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ለዚህ ብዬ በኮምፒውተር ሲሆን ያንን ረድፍ አወጣዋለሁ፤ በወረቀት ሲሆን እመልሰዋለሁ። በእጅ ሲጽፉ ድርብ ሰረዝንና ነጠላ ሰረዝን መለየታቸውን በደንብ አያለሁ።

ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር ላስተያየው። ቴሌግራም ግሩፕ ናሙናና መመዘኛ ለመበተን የሚተካከለው የለም፤ ሁሉም ስልክ ላይ አለ፣ ዳታም ብዙ አይበላም። ለምዘና ግን አይሆንም፤ አስተያየቱ በወሬው መሀል ይጠፋል፣ ሁሉም የሁሉን ያያል፣ ይሉኝታው ይብሳል። ጉግል ዶክስ ከጽሑፉ ጎን አስተያየት ለመጻፍና የረቂቁን ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ ለማየት በጣም ግሩም ነው፤ ሁለትና ሦስት ሰው ለማማከር እመርጠዋለሁ። ጽሑፍን ለስልሳ ሰው ማደልና ቅደም ተከተል ማስጠበቅ ግን ሥራው አይደለም።

ስለ ወርክሾፕ አንድ ትልቅ ቅሬታ ይቀረኛል፤ ለድርሰት መምህር ዋናው ይህ ይመስለኛል። ተማሪው አስተያየት ከተቀበለ በኋላ አሻሽሎ የጻፈውን በዚያው ወርክሾፕ ውስጥ መልሶ ማስገባት አይችልም። መንገዱ ከውጤት ጋር ይዘጋል። ጽሑፍ ግን የሚማሩት ሁለተኛውን ረቂቅ ሲጽፉ ነው፤ የዱኩ ኮርስም አስተያየቱን ያስከተለው ለማሻሻል እንዲያገለግል ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱን ወርክሾፕ ተከትሎ የሚመጣ ተራ አሳይመንት እከፍታለሁ። በወረቀት ሲሆንም ሁለተኛውን ረቂቅ ከመጀመሪያው ጋር በስቴፕለር አያይዘው ያመጣሉ።

ከሁለተኛው ረቂቅ ጋር ግማሽ ገጽ ማስታወሻ እጠይቃለሁ። ከሦስቱ መዛኞች አስተያየት የትኛውን ተቀበልክ፣ የትኛውን አልተቀበልክም፣ ለምን? ያልተቀበሉትን ማስረዳታቸው ከተቀበሉት ይልቅ ይጠቅማል። አንዲት ተማሪ መዛኟ «ረጅም ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ይቆረጥ» ያላትን አልተቀበለችም፤ ዓረፍተ ነገሩ የገበያ ግርግርን የሚያሳይ ስለሆነ ሲቆረጥ ግርግሩ ይጠፋል ብላ ጻፈች። አንብቤ አየሁት፤ ልክ ነበረች፤ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። ያው መዛኝ በሌላ ቦታ «ብሎም» የምትለዋን አያያዥ ያለ ቦታዋ ገብታለች ያላትን ግን ተቀብላ አስተካክላለች።

ግቢያችሁ ውስጥ ሙድል ካለ በአንድ አንቀጽ፣ በሦስት መዛኝ፣ በአራት ረድፍ መመዘኛ ጀምሩት፤ የምሳሌ ጽሑፉን አትዝለሉ። ሙድል ከሌላችሁ አንድ ሰሌዳና ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ገጽ ኮፒ ይበቃል። የእኔን የናሙና አንቀጽና የመመዘኛ ሠንጠረዥ መጠቀም የሚፈልግ መምህር እንዳለ ይውሰደው፤ ለልጆቹ አካባቢ እንዲስማማ ገበያውን በእነሱ ገበያ ይለውጥ።